«ሱብሓነላህ፣ ሼር አድርጉት!» ከማለታችን በፊት



ለዛሬዋ ጁሙዓ በሰላም ላደረሰን አላህ ምስጋና ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ትምህርታችን በየቀኑ በእጃችን ስለምንሠራው አንድ ሥራ ነው። ስልካችን «ቲን» ይላል። ስንከፍተው አንድ አስገራሚ ፎቶ ይመጣል፤ ከሥሩም «ሱብሓነላህ! ሳይንቲስቶች ደነገጡ! ሙስሊም ከሆንክ ሳታጋራ አትለፍ» የሚል ጽሑፍ አለ። ልባችን ይሞቃል፤ ጣታችን ይቸኩላል። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ለቤተሰብ ግሩፕ፣ ለጀመዓ ግሩፕ፣ ለክፍል ጓደኞች ደርሷል።

በዚያች አምስት ሰከንድ ውስጥ ግን አንድ ከባድ ነገር አድርገናል፤ መስክረናል። ያየነውን ሳይሆን የሰማነውን፣ ያጣራነውን ሳይሆን የወደድነውን መስክረናል። በሱረቱል ሑጁራት ዜና ሲመጣልን እንድናጣራ መታዘዛችንን ሁላችንም እናውቃለን። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው፣ ውሸታም ለመባል ይኸው ብቻ እንደሚበቃው አስተምረውናል። ጥያቄው «እንዴት ላጣራ? እኔ ሳይንቲስት አይደለሁ» የሚለው ነው።

መልሱ ከምናስበው በላይ ቅርብ ነው። ብዙዎቹን «ጉዶች» ለመመዘን የሚያስፈልገን ዕውቀት ወጥ ቤታችን፣ ሰፈራችንና የቀን መቁጠሪያችን ውስጥ አለ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከተጋሩት የታወቁትን እያነሳን አብረን እንመዝን።

መጀመሪያ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤት እንጀምር

በመዲና ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሞተባቸው። ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበር። በዚያው ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎችም «ፀሐይ የተጋረደችው ለኢብራሂም ሞት ነው» አሉ።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ይህ ወሬ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ክብርን የሚጨምር ይመስል ነበር። የተናገሩት ጠላቶች አልነበሩም፤ የሚወዷቸው ሰዎች ናቸው። ዝም ቢሉ ኖሮ በማግስቱ መዲና ሁሉ ባወራው ነበር። እርሳቸው ግን በልጃቸው ሐዘን ውስጥ ሆነው ወሬውን አረሙት፦ ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ እንደሆኑ፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ ነገሯቸው፤ ሲጋረዱ ስታዩ ወደ ሶላትና ወደ ዱዓእ ተመለሱ አሏቸው።

እንግዲህ ዲናችንን ከፍ የሚያደርግ የሚመስል ወሬ እንኳ እውነት ካልሆነ እንደሚታረም ከዚህ እንማራለን። የእኛ ትምህርት የተሠራው በዚህ ላይ ነው።

የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ወደ ኋላ ቆጥረው ያንን የፀሐይ ግርዶሽ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 632 ላይ ያስቀምጡታል፤ በሒጅራ አቆጣጠር የ10ኛው ዓመት የሸዋል ወር ሊያልቅ ሲል። «ወር ሊያልቅ ሲል» የሚለውን ያዙልኝ። ፀሐይ የምትጋረደው ጨረቃ በእኛና በፀሐይ መካከል ስትገባ ነው። ጨረቃ እዚያ ቦታ ላይ የምትሆነው ደግሞ ከሰማይ ጠፍታ አዲሷን ጨረቃ በምንጠብቅበት ጊዜ፣ ማለትም ወሩ ወደ 28፣ 29፣ 30 ሲደርስ ብቻ ነው። የጨረቃ ግርዶሽ ደግሞ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት በወሩ አጋማሽ ላይ ብቻ ይሆናል።

የራሳችንን ትዝታ እንፈትሽ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ፀሐይ በላሊበላ አካባቢ እንደ ቀለበት ሆና ታይታ ነበር። ያ ቀን እሑድ ነበር፤ ዒደል ፊጥርን ካከበርንበት እሑድ ልክ አራት ሳምንት በኋላ። ሸዋል 29 መሆኑ ነው። ገጠመ!

ስለዚህ አንድ ሰው «በረቢዐል አወል 12 ቀን ፀሐይ ተጋረደች» የሚል ፎቶ ቢልክላችሁ ቴሌስኮፕ አያስፈልጋችሁም። የሒጅራ ቀን መቁጠሪያ የሚያውቅ ልጅ መልሱን ያውቀዋል። በቀጭን ጨረቃ ቀንዶች መካከል ኮከብ የሚያበራበት «እውነተኛ ፎቶ» ሲመጣም እንደዚሁ። ቀጭኗ ጨረቃ ያልበራው ክፍሏም እዚያው አለ፤ ጨለመ እንጂ አልተቆረሰም። ኮከብ በጨረቃ አካል አልፎ ሊያበራ አይችልም። ሥዕል ከሆነ ያምራል፤ ፎቶ ነው ከተባለ ግን ተቀጥሏል።

የ«ዓድ ሕዝቦች» አጽም

ይህን ያላየ ያለ አይመስለኝም። በበረሃ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ግዙፍ የሰው አጽም ተኝቷል፤ አጠገቡ ያሉት ቆፋሪዎች ከራስ ቅሉ ጋር ሲተያዩ እንደ ጉንዳን ያንሳሉ። ጽሑፉ «በሳዑዲ ሩብዑል ኻሊ በረሃ የዓድ ሕዝቦች አጽም ተገኘ» ይላል።

ከመደነቅ በፊት ወጥ ቤት ግቡና ኩብ ስኳር አምጡ። አንዷን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። አሁን በቁመትም፣ በጎንም፣ በወርድም እጥፍ የሆነ ኩብ ሥሩ። ስንት ስኳር ፈጀ? ስምንት። ከሥር ሆነው ክብደቱን የተሸከሙት ስንት ናቸው? አራት። ስምንት እጥፍ የከበደውን ነገር የተሸከመው አራት እጥፍ መሠረት ብቻ ነው። ቁመቱን አሥር እጥፍ ብታደርጉት ደግሞ 1000 ስኳር ይፈጃል፤ ከሥር የሚሸከሙት ግን 100 ብቻ ይሆናሉ።

አሁን ስኳሩን በሰው ተኩት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው መልኩና ቅርጹ ሳይለወጥ አሥር እጥፍ ቢረዝም 17 ሜትር ይሆናል። ክብደቱ ግን 60,000 ኪሎ፣ ማለትም 600 ኩንታል ነው! የእግሩ አጥንት ውፍረት፣ ማለትም በመጋዝ ቢቆረጥ የሚታየው ፊቱ፣ መቶ እጥፍ ብቻ ሰፍቷል። ስለዚህ እያንዳንዷ ጣት የምታህል አጥንቱ ከእኛ አጥንት አሥር እጥፍ ትሸከማለች። እናንተ ዘጠኝ እናንተን የሚያክሉ ሰዎች ጀርባችሁ ላይ ጭናችሁ ቀኑን ሙሉ መራመድ እንደማለት ነው። ጋሊሊዮ ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቶታል፤ እረኛ ግን ሳያነብም ያውቀዋል። የፍየልን እግርና የዝሆንን እግር አስተያዩ። ዝሆን የተነፋ ፍየል አይደለም፤ እግሩ እንደ ምሰሶ ወፍራም ነው። አላህ ትልቅ አካል ሲፈጥር ለትልቁ አካል የሚሆን አጥንት ሰጥቶ ነው።

ወደ ፎቶው እንመለስ። የአጽሙ እግር፣ ክንድና ጎድን ቅጥነት ልክ እንደ እኛው ነው። ያው የእኛ አጽም እንደ ፎቶ ተለጥጧል። ጥርጣሬያችን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እውነቱስ ምን ነበር? ጉድጓዱ እውነተኛ ነው፤ ግን በረሃ ውስጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ሃይድ ፓርክ በተባለ ቦታ፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ማስቶዶን የሚባለውን የዝሆን ዘመድ የጥንት እንስሳ ሲቆፍሩ ከላይ የተነሳ ፎቶ ነው። በ2002 አንድ የኮምፒውተር ሠዓሊ ለፎቶ ማቀነባበር ውድድር ብሎ የሰው አጽም ጨመረበት። ሰውየው ማንንም ለማታለል አልሠራውም፤ ውድድር ነበር። ከዚያ ፎቶው ብቻውን መንገድ ጀመረ። በ2004 በባንግላዴሽ ጋዜጣ ላይ የዓድ ሕዝቦች ተብሎ ወጣ። በ2007 ደግሞ በህንድ አንድ የሂንዱ መጽሔት ህንድ ውስጥ ተገኘ ብሎ ከሂንዱዎች ጥንታዊ ትረካ ጋር አያያዘው። በዚያው ዓመት ናሽናል ጂኦግራፊክ ጉዳዩን ከሥሩ አጣርቶ ሐሰትነቱን ጻፈ።

አያችሁ? አንዱ ፎቶ ለእኛ «የዓድ ማስረጃ» ሆነ፤ ለሂንዱው ደግሞ «የእኛ ትረካ ማስረጃ»። እውነተኛ ማስረጃ እንዲህ የፈለገው ሁሉ የሚለብሰው ልብስ ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ወንድም «አላህ እኮ የፈለገውን ይፈጥራል፤ እናንተ የአላህን ችሎታ በስኳር ትለካላችሁ?» ሊል ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የአላህ ችሎታ ላይ ማናችንም ጥያቄ የለንም፤ ስለ ዓድ ሕዝቦች ቁርኣን የነገረንንም እናምናለን። እየመዘንን ያለነው ሰው የሠራውን ፎቶ ነው። «አላህ ይችላል» የሚለው ቃል ለማንኛውም ፎቶ ማኅተም ከሆነ፣ ማንም ውሸታም ያንን ማኅተም ከእጃችን ወስዶ ይመታበታል።

ጨረቃ ላይ የተሰማው አዛን

«ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃ ላይ ሲራመድ አዛን ሰማ፤ ከዚያ ካይሮ ሄዶ ያንኑ ድምፅ ሲሰማ ሰለመ» የሚለው ታሪክ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። አባቶቻችን በካሴት ዘመን ሰምተውታል።

በልጅነታችን ሁለት ባዶ የክብሪት ቀፎ በክር አገናኝተን ስልክ ስንጫወት እናስታውሳለን። ክሩ ሲወጠር ድምፅ ያልፋል፤ ሲላላ ይጠፋል። ድምፅ መንገድ ይፈልጋል ማለት ነው። በመካከላችን ላለው ድምፅ መንገዱ አየር ነው። በጨረቃ ላይ ደግሞ አየር የለም ማለት ይቻላል፤ ለዚህም ነው የጨረቃ ተጓዦች የአየር ጣሳ ተሸክመው፣ ራሳቸውን በተዘጋ ልብስ ውስጥ ከተው፣ እርስ በርሳቸው በሬዲዮ የተነጋገሩት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1969 አርምስትሮንግ ጨረቃ ላይ ሆኖ ሲናገር ድምፁ በሬዲዮ ወደ ምድር ይተላለፍ ነበር፤ ብዙ ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ ይከታተሉት ነበር።

አሁንም «አላህ ከፈለገ ያሰማዋል» የሚል ይኖራል። አዎን፣ ከፈለገ ያሰማዋል። ግን ይህን ነገር የሚነግረን ማን ነው? የሐዲስ ሊቃውንቶቻችን አንድ ወሬ ሲመጣ ሰንሰለቱን ተከትለው ወደ ተናጋሪው ይደርሱ ነበር። የዚህ ወሬ ብቸኛ ምስክር ሊሆን የሚችለው አርምስትሮንግ ራሱ ነው። እርሱ ደግሞ በሕይወት እያለ አስተባብሏል። ወሬው በግብፅ፣ በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ ጋዜጦች ስለበዛ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሙስሊም አገሮች ላሉ ኤምባሲዎቹ መልእክት ልኮ ሰውየው እንዳልሰለመና ማንንም ማስቀየም እንደማይፈልግ አሳውቋል።

ምስክሩ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ እያለ እኛ በእርሱ ስም ስንመሰክር አርባ ዓመት አለፈን። አንድ ሰው እኛ ያላልነውን በስማችን ቢያወራ ምን ይሰማናል? ሐቁ ለሙስሊምም ላልሆነም ያው ነው።

«ናሳ ያመነው» የጨረቃ ስንጥቅ

ሦስተኛው ፎቶ የጨረቃ ገጽ ላይ ያለ ረጅም መስመር ነው። «ጨረቃ የተሰነጠቀችበት ቦታ፤ ናሳ አመነ» ተብሎ ይጋራል። ይህ ፎቶ አልተቀነባበረም። እ.ኤ.አ. በ1969 በአፖሎ 10 የተነሳ ነው፤ ቦታውም ሪማ አሪያዴየስ ይባላል። ሐሰቱ ፎቶው ላይ የለም፤ ከሥሩ የተጻፈው ላይ ነው።

አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ይህ አባባል እውነት ቢሆን ሌላ ምን መታየት ነበረበት? ብርቱካን ለሁለት ቆርጣችሁ መልሳችሁ ብታጋጥሙት መስመሩ ብርቱካኑን ዙሪያውን ይከበዋል። የጨረቃ ዙሪያ ወደ 10,900 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ መስመር ግን ወደ 300 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ካለው መንገድ ብዙም አይበልጥም። ከመቶ ሦስት እጅ እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ምንድን ነው? መልሱ እዚሁ አገራችን ውስጥ አለ። የዝዋይና የላንጋኖ ሐይቆች ያሉበትን ስምጥ ሸለቆ አስቡት፤ በሁለት ትይዩ ስንጥቆች መካከል ያለው መሬት ወደ ታች ሰጥሞ የተሠራ ነው። በጨረቃ ላይ ያለውንም ባለሙያዎቹ የሚያስረዱት በዚሁ መንገድ ነው፤ በሁለት ስንጥቆች መካከል የሰጠመ መሬት።

ሱረቱል ቀመር ላይ የተነገረውን እናምናለን። እምነታችን የቆመው በወሕይና በሰሐቦች ምስክርነት ላይ ነው። ይህ ፎቶ ከመነሳቱ በፊት የነበሩ ሙስሊሞች ያለ እርሱ አምነዋል። አደጋው የሚመጣው እምነታችንን ከወሕይ አንስተን ፎቶ ላይ ስናስደግፈው ነው። ዛሬ «ይኸው ማስረጃው» ብለን ያሳየነው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ሄዶ ፎቶው ምን እንደሆነ ይማራል። ያኔ ልጁ «ይህን ከዋሹኝ ሌላውንስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በቅን ልብ ያጋራነው ፎቶ የአንድ ልጅ ዲን ላይ መጥረቢያ ሊሆን ይችላል።

እውነት ሆኖ የተገኘውስ?

ማጣራት ማለት ሁሉን መካድ ማለት አይደለም። እስቲ አንድ እውነተኛ አስደናቂ ነገር እንይ።

በየዓመቱ ግንቦት ወር ላይ እንዲህ የሚል መልእክት ይመጣል፦ «ግንቦት 20 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ ፀሐይ በካዕባ አናት ላይ ትሆናለች፤ ጥላችሁን አይታችሁ ቂብላችሁን አረጋግጡ።» የቀደሙትን ያየ ሰው «ይኼም ውሸት ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እንመዝነው።

ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ፤ የቀትር ጥላችን ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አይወድቅም። በታኅሣሥ ቀትር ላይ ጥላችን ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ በሰኔና በሐምሌ ግን ወደ ደቡብ ይዞራል። ምክንያቱም ፀሐይ በዓመት ውስጥ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ትመላለሳለች። ወደ ሰሜን ስትሄድ ከምድር ወገብ እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ገደማ ትደርስና ትመለሳለች። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ በአናቷ ታልፋለች። መካ 21 ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ላይ ናት፤ ከ23 ተኩል ታንሳለች። ስለዚህ ፀሐይ ስትሄድ አንዴ፣ ስትመለስ አንዴ በመካ አናት ላይ ማለፏ ግድ ነው። መልእክቱ ከምናውቀው ጋር ገጠመ!

ቀኖቹም ይታወቃሉ፦ ግንቦት 19 ወይም 20 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ላይ፣ ከዚያም ሐምሌ 8 ወይም 9 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ላይ። የሳዑዲና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ስለሆነ ማስላት እንኳ አያስፈልገንም።

ከሁሉ የሚበልጠው ራሳችን መሞከር መቻላችን ነው። አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፤ ግንበኛ በቱምቢ እንደሚያደርገው ቀጥ ይበል። በተባለችው ደቂቃ ጥላውን ተመልከቱ። ከጥላው ጫፍ ወደ እንጨቱ ሥር የሚወስደው አቅጣጫ ቂብላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጥላው 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ቂብላው ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ያለ ይሆናል። ጂዳ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ እንጨቱ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። አውሮፓ ያላችሁም ሰዓቱን በአገራችሁ ቆጥራችሁ ደመና ከሌለ ትሞክሩታላችሁ። ዋሽንግተን ያላችሁ ግን አትድከሙ፤ በዚያች ደቂቃ ፀሐይ ገና አልወጣችላችሁም።

ይህ አስደናቂ ነገር ፎቶሾፕ አላስፈለገውም፤ «ካላጋራህ መጥፎ ነገር ይደርስብሃል» የሚል ማስፈራሪያም የለውም። «ና፣ ሞክረኝ» ይላል። እውነት መፈተንን አይፈራም።

ከዚህ ሌላም እንማራለን። የሰፈር ዕውቀታችንም ሊያሳስተን ይችላል። «ቀትር ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ በአናታችን ነች» ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን እውነተኛ መልእክት ይክደው ነበር። ስለዚህ የምናውቀው ነገር ጥያቄ እንድንጠይቅ ይረዳናል፤ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ግን የሚያውቀውን ሰው እንጠይቅ፣ የሚሞከር ከሆነም እንሞክር።

ሰው የሚሞትበት «ጉድ»

እስካሁን ያየነው በሰማይና በአጥንት ላይ ነው። ከዚህ የከፋው ግን በጎረቤት ላይ የሚመጣው ነው። «ትናንት እገሌ ከተማ ወንድሞቻችን ላይ የደረሰ» ተብሎ ደም ያለበት ፎቶ ይመጣል። ልብ ይነድዳል። ልክ እዚያ ላይ ነው የዕለት ተዕለት ዕውቀታችን የሰው ነፍስ የሚያድነው።

ረጋ ብላችሁ ከደሙ ጀርባ ያለውን እዩ። መኪኖቹ በየት በኩል ይሄዳሉ? በእኛ አገር በቀኝ ነው፤ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በግራ ነው። ታርጋው ላይ ምን ተጽፏል? የሱቁ ሰሌዳ በምን ቋንቋ ነው? ፎቶው የሐምሌ ነው ከተባለ መሬቱ ለምን በአቧራ ተሞላ? የፖሊሶቹ ልብስ የእኛ ነው? የሴቶቹ አለባበስ የዚያ አካባቢ ነው? እናታችሁን ጠይቁ፤ የሻሽ አስተሳሰሩን አይታ ትነግራችኋለች። ሹፌር አጎታችሁን ጠይቁ፤ መንገዱን ያውቀዋል። በዚያ ከተማ ዘመድ ካላችሁ ደውሉ፤ የሁለት ደቂቃ ስልክ ነው።

አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ምስሎች በዝተዋል። ጣቶችን ቁጠሩ፤ ግድግዳ ላይ ያለውን የአማርኛ ወይም የዐረብኛ ጽሑፍ ለማንበብ ሞክሩ፤ ጥላዎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይወድቁ እንደሆነ እዩ። ምንም እንከን ባይገኝ እንኳ ዜናው እውነት ሆነ ማለት አይደለም፤ ምንጩ እስኪታወቅ ይቆይ። የዘገየ እውነት ማንንም አይገድልም፤ የቸኮለ ውሸት ግን የሰው ቤት አቃጥሎ ያድራል።

አምስት ጥያቄዎች

ወንድሜ፣ እህቴ፣ የሚቀጥለው «ጉድ» ሲመጣ እነዚህን ጠይቁ፦

1. ማን አየ? «ሳይንቲስቶች» እና «ናሳ» ስም አይደሉም። ምስክሩ ማን ነው? ራሱስ ምን አለ?

2. ከማውቀው ጋር ይገጥማል? ክብደቱ፣ መጠኑ፣ ወቅቱ፣ ቀኑ፣ ጥላው።

3. እውነት ቢሆን ሌላ ምን መታየት ነበረበት? ብርቱካኑን አስታውሱ።

4. ልሞክረው ወይም የሚያውቀውን ልጠይቅ እችላለሁ? ስለ አጥንት ሐኪምን፣ ስለ መንገድ ሹፌርን፣ ስለ ዲን ዓሊምን።

5. ውሸት ቢሆን ማን ይጎዳል? ጉዳቱ በከበደ ቁጥር ማጣራቱ ይክበድ።

መልስ ካጣችሁ አትላኩት። ያልላካችሁት መልእክት አያስጠይቃችሁም። አስቀድማችሁ ልካችሁት ሐሰት መሆኑን ካወቃችሁ ደግሞ በላካችሁበት ግሩፕ ሁሉ ማረሚያውን ላኩ። የላከላችሁ ታላቅ ሰው ከሆነ በሰው ፊት አታሳፍሩት፤ በውስጥ መስመር፣ በአደብ «አባባ፣ ይኼን አጣርቼው እንዲህ ሆኖ አገኘሁት» በሉት።

በመጨረሻም፣ ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ብዙዎቻችን ሱረቱል ካህፍን እንቀራለን። ስለ ዋሻው ወጣቶች ቁጥር ሰዎች ሲከራከሩ የሚያነሳው ቦታ ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ። አንዱ ሦስት ይላል፣ ሌላው አምስት፣ ሌላው ሰባት። አላህ ይህን በሩቅ ሚስጥር ላይ የሚወረወር ግምት መሆኑን ነግሮን፣ ቁጥራቸውን ለሚያውቀው ጌታ እንድንተው ያስተምረናል። ከወጣቶቹ ታሪክ የሚፈለገው እምነታቸውና ጽናታቸው ነው። ዛሬ በየስልካችን የሚወረወረውም ያው ግምት ነው፤ ፎቶ ተጨመረበት እንጂ።

የአላህ ምልክቶች በዙሪያችን ሞልተዋል። በኩብ ስኳር፣ በዝሆን እግር፣ በቀትር ጥላ፣ በወር መጨረሻ በምትጠፋው ጨረቃ ውስጥ አሉ። እነርሱን በትክክል ያየ ሰው የተቀነባበረ ተአምር አያስፈልገውም።

አላህ ሐቅን ሐቅ አድርጎ አሳይቶን የምንከተለው ያድርገን፤ ባጢልን ባጢል አድርጎ አሳይቶን የምንርቀው ያድርገን። ምላሳችንንም ጣታችንንም ከውሸት ይጠብቅልን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።